የሶማሊላንድ ክርክር ለምን ለንደንና ሚኒያፖሊስ ላይ ይከርራል?

ዲሴምበር 26 ቀን 2025 እስራኤል ለሶማሊላንድ እውቅና ሰጠች። ሶማሊላንድ ከሶማሊያ ተለይቻለሁ ካለች 34 ዓመት አልፏት ነበር። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል አገር በይፋ አላወቃትም። በዋና ከተማዋ ሀርጌሳ ሰው ባንዲራ ይዞ በደስታ ወጣ። ሞቃዲሾ ላይም ወጣ፤ እዚያ ግን ለተቃውሞ ነበር። የአፍሪካ ኅብረት፣ ግብፅ፣ ቱርክና ጅቡቲ ውሳኔውን ነቀፉ። (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በኛ ሰው ወሬ ውስጥ የሚያምታታው ሌላ ነገር ነው። አንዱ ስልኩ ላይ ለንደን ውስጥ የተቀረጸ ጭፈራ አይቶ "ሶማሌዎቹ ተደስተዋል" ይላል። ሌላው ሚኒያፖሊስ ውስጥ የተደረገ ሰልፍ አይቶ "ኧረ ተቆጥተዋል" ይላል። ሁለቱም ያዩት እውነት ነው። ግን ያዩት ውጭ የሚኖረውን ሶማሌ ነው። እሱ ደግሞ አንድ ድምፅ ኖሮት አያውቅም።

ክርክሩ ከላይ ሲታይ "አንድ አገር ወይስ ሁለት?" የሚል ነው። ጠጋ ብሎ ላዳመጠው ግን ሰዎቹ የሚጣሉት ታሪኩ ከየትኛው ዓመት ይጀመር በሚለው ላይ ነው። አንዱ ከ1960 ይጀምራል። ሌላው ከ1988፣ ሦስተኛው ከ1991። በቅርቡ ደግሞ ከ2023 የሚጀምር አራተኛ ወገን መጥቷል። የመነሻ ዓመቱን ካወቅን የአብዛኛውን ተከራካሪ መደምደሚያ መገመት አይከብድም።

አምስት ቀን የቆየች አገር

ሰሜኑ፣ ማለትም የዛሬዋ ሶማሊላንድ፣ የእንግሊዝ ጥበቃ ግዛት ነበር። ደቡቡ በጣሊያን እጅ ነበር። ከ1950 ጀምሮ ጣሊያን ደቡቡን ያስተዳደረችው በተባበሩት መንግሥታት ሞግዚትነት ነው። ሰሜኑ ጁን 26 ቀን 1960 ነፃ ወጣ። ደቡቡ ጁላይ 1 ነፃ ሲወጣ በዚያው ዕለት ሁለቱ ተዋሐዱ። በመሀል ያሉት አምስት ቀናት ናቸው ዛሬም ድረስ የሚያጨቃጭቁት።

የሶማሊላንድ ደጋፊ "መገንጠል" የሚለውን ቃል አይወድም። አገር ነበርን፣ በፈቃዳችን ገባን፣ በፈቃዳችን ወጣን ነው የሚለው። ይህ ለስሜት ብቻ የሚባል አይደለም፤ የሕግ መከራከሪያ ነው። የአፍሪካ መንግሥታት በ1964 ካይሮ ላይ ከቅኝ ግዛት የወረስናቸውን ድንበሮች እናከብራለን ብለው ተስማምተዋል። ይህን መርህ ሞቃዲሾ ሶማሊላንድን ለመቃወም ትጠቅሰዋለች። ሀርጌሳም ያንኑ መርህ ትጠቅሳለች፤ ምክንያቱም የምትጠይቀው ድንበር ራሱ የእንግሊዙ ቅኝ ግዛት ድንበር ነው።

ወረቀቱም ችግር ነበረበት። የሰሜኑና የደቡቡ ምክር ቤቶች ያጸደቁት የውሕደት ሰነድ አንድ ዓይነት አልነበረም። የጋራ ሕግ የወጣው በ1961 መጀመሪያ ነው፤ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲሠራ ተደርጎ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ በሕገ መንግሥቱ ላይ ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ ዋናው የሰሜን ፓርቲ አልሳተፍም አለ። በሰሜን ድምፅ ከሰጡት አብዛኞቹም "አይሆንም" አሉ። ዲሴምበር ላይ ወጣት የሰሜን መኮንኖች መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ከሸፈባቸው። ፍርድ ቤት ቀርበው ግን ዳኛው በነፃ አሰናበታቸው። ምክንያቱ ሁለቱን አገሮች ያዋሐደ የጸና ሕግ አልነበረም የሚል ነው። ይህ ፍርድ የሶማሊላንድ ደጋፊዎች ዛሬም ደጋግመው የሚያነሱት ነው።

አንድነት የሚሉት ወገኖች መልስ አላቸው። የወረቀት ጉድለት አገር አያፈርስም ይላሉ። የሰሜን ፖለቲከኞች ሞቃዲሾ ውስጥ ምክር ቤት ተቀምጠዋል፤ ሚኒስትርም ሆነዋል። ደግሞም ውሕደቱን ያጣደፈው ሰሜኑ ራሱ ነበር። ይህም ሐሰት አይደለም።

ነገሩን በአንድ ሰው ሕይወት ማየት ይቻላል። መሐመድ ኢብራሂም ኢጋል በ1960 የአምስቷን ቀን መንግሥት የመራና ሰሜኑን ወደ ውሕደቱ ያስገባ ሰው ነው። በ1967 የተባበረችው ሶማሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በ1969 ሲያድ ባሬ ሥልጣን ሲይዝ ወደ እስር ቤት ገባ። በ1993 ደግሞ ቦራማ ላይ የአገር ሽማግሌዎች ባደረጉት ጉባኤ የሶማሊላንድ ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። በ2001 ነፃነቱን ያጸናው ሕገ መንግሥት በእሱ ዘመን ለሕዝበ ውሳኔ ቀርቦ 97 በመቶ ድጋፍ አገኘ። ስለዚህ ሁለቱም ወገን ኢጋልን ይጠቅሳል። የሚጠቅሱት ዓመት ብቻ ይለያያል።

ከተማዋን ከገዛ አውሮፕላን ማረፊያዋ

በሕግ ክርክር ብቻ ሰው ዕድሜ ልኩን አይቆጣም። ቁጣው የመጣው ከ1988 ነው።

የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ የተባለው ድርጅት የተመሠረተው በ1981 ለንደን ውስጥ ነው። መሥራቾቹ በብዛት የሰሜኑ ትልቁ ጎሳ ከሆነው ከኢሳቅ የሆኑ፣ እንግሊዝ የሚማሩና የሚሠሩ፣ ከሳዑዲ ዓረቢያም ገንዘብ የሚልኩ ሰዎች ነበሩ። እንግዲህ የሶማሊላንድ ጉዳይ ገና ከጥንስሱ የዳያስፖራ እጅ አለበት። በዓመቱ ንቅናቄው ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ደርግ ከሲያድ ባሬ ጋር ጠላት ስለነበር ድሬዳዋ አካባቢና ድንበሩ ላይ ቦታ ሰጠው። አፕሪል 1988 መንግሥቱ ኃይለማርያምና ሲያድ ባሬ ታረቁ፤ አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ ላይረዳ ተስማሙ። ንቅናቄው መሄጃ አጣ። በሜይ መጨረሻ ያለ የሌለ ኃይሉን ይዞ ቡርኦንና ሀርጌሳን አጠቃ።

የመንግሥት ምላሽ የአየር ድብደባ ነበር። አውሮፕላኖቹ ከራሷ ከሀርጌሳ ማረፊያ እየተነሱ ሀርጌሳን ደበደቡ። ከተማዋ አብዛኛው ክፍሏ ፈረሰ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ከ300 ሺህ የማያንስ ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ሀርቲሼክ በዚያን ጊዜ ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ ጣቢያዎች አንዱ ሆነ። ዛሬ ሀርጌሳ መሀል አንድ ሚግ አውሮፕላን ሐውልት ሆኖ ቆሟል።

ንቅናቄው መጀመሪያ የተነሳው ሲያድ ባሬን ለመጣል ነበር፤ ነፃ አገር ዓላማው አልነበረም። ሜይ 18 ቀን 1991 ቡርኦ ላይ ነፃነት ሲታወጅም መሪዎቹ በሕዝቡ ግፊት ነው የገቡበት። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አብዲራህማን ቱር ሥልጣን ከለቀቁ በኋላ ሞቃዲሾ ሄደው ከጦር አበጋዙ ከጄኔራል አይዲድ ጋር ወገኑ። ከላይ ያሉት እያመነቱ ከታች ያለው ሕዝብ ከረረ ማለት ነው። ያንን ከታች ያለውን ያከረረው 1988 ነው።

የ1988 ትውስታ እንዴት ውቅያኖስ እንደሚሻገር ለማየት ቨርጂኒያን መመልከት ይበቃል። የሲያድ ባሬ የመከላከያ ሚኒስትር፣ በኋላም ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት መሐመድ አሊ ሳማተር ከመንግሥቱ ውድቀት በኋላ ኑሯቸውን እዚያ አድርገው ነበር። ከሰሜን የመጡ ተጎጂዎች ከሰሷቸው። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2010 የውጭ መንግሥታትን ከመከሰስ የሚጠብቀው ሕግ እሳቸውን አይሸፍንም ተባለ። በ2012 ለከሳሾቹ 21 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ተፈረደ። በ2019 ደግሞ በዚያው ግዛት የራይድ ሹፌር ሆኖ ይሠራ የነበረ የቀድሞ ኮሎኔል አንድን የሰሜን ሰው በማሰቃየት ተጠያቂ ነው ተብሎ 500 ሺህ ዶላር ተፈረደበት። ቨርጂኒያ የኛም ሰው በብዛት የሚኖርባት ናት። ገራፊና ተገራፊ በአንድ ክፍለ ከተማ ሊገናኙ የሚችሉበት ቦታ ማለት ነው።

ማን መቼ ወጣ?

የሶማሌ ዳያስፖራ፣ በራሳቸው አጠራር ቁርባጆግ፣ ባንድ ጊዜ የወጣ ሕዝብ አይደለም። የእንግሊዙ ክፍል ጥንታዊ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ከበርበራ በኩል የሄዱ መርከበኞች ካርዲፍ፣ ሊቨርፑልና የለንደን ምሥራቅ ወደብ ሰፈሮች ውስጥ ተቀመጡ። በኋላ ሼፊልድ የብረት ፋብሪካ ገቡ። ከ1988 በኋላ ዘመዶቻቸው ተከተሏቸው። ስለዚህ የእንግሊዝ ሶማሌ ፖለቲካ ለረጅም ጊዜ የሰሜኖቹ ድምፅ ጎልቶ የሚሰማበት ነው።

ሚኒሶታ ሌላ ታሪክ ነው። ወደዚያ የሄደው ብዙው ሰው ከ1991 በኋላ ከደቡብ ሸሽቶ፣ ኬንያ ስደተኛ ጣቢያ ቆይቶ የተሻገረ ነው። ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል የሄደም አለ። ቶሮንቶ ድብልቅ ናት።

ይህ ልዩነት ትርጉም አለው። የሰሜኑ ሰው የሸሸው መንግሥት ስለነበረ ነው፤ አውሮፕላኑን የላከበት መንግሥት ነው። የሞቃዲሾው ሰው የሸሸው መንግሥት ስለጠፋ ነው። በ1991 መጀመሪያ ሲያድ ባሬ ሲወድቅ ከተማዋ በጎሳ እየለየች ሰው ገደለች። ለአንዱ "ጠንካራ ማዕከላዊ መንግሥት" የሚለው ሐረግ ያስፈራዋል። ለሌላው መከፋፈል ማለት በዓይኑ ያየው ሞት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ክርክሩ የማይተላለፈው እዚህ ጋ ነው። ሁለቱም የሚናገሩት ከደረሰባቸው ተነስተው ነው፤ ግን የደረሰባቸው አንድ አይደለም።

ይህን ሁሉ በጎሳ ብቻ መተንተን ግን ያሳስታል። አንድነትን የሚደግፉ ኢሳቆች አሉ። የሶማሊያ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ሳላህ አህመድ ጃማ የሰሜን ሰው ናቸው። በፌዴራል ታችኛው ምክር ቤት ለሶማሊላንድ የተያዙ 46 መቀመጫዎች አሉ። ሀርጌሳ እነዚህን ሰዎች ማንም ያልወከላቸው ትላቸዋለች፤ የሚመረጡትም ሞቃዲሾ ውስጥ ነው። በሌላ በኩል የሶማሊላንድን ነፃነት የሚቀበሉ የደቡብ ተወላጆች አሉ፤ "ቢያንስ እዚያ ሰላም አለ" በሚል ስሌት።

ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል?

ዳያስፖራው ለምን ይደመጣል? መልሱ ባጭሩ ገንዘብ ነው። ወደ ሶማሌ ምድር በዓመት የሚላከው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ከትልቁ አስተላላፊ ድርጅት ታሪክ ራሱ ብዙ ነገር ይታያል። የዳሀብሺል መሥራች የቡርኦ ነጋዴ ነበር። በ1988 ንብረቱን አጥቶ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ፤ ሥራውን በስደተኞች መሀል እንደገና ጀመረ። ዛሬ ድርጅቱ በሀርጌሳም በሞቃዲሾም ይሠራል። ፖለቲከኞቹ ድንበር ሲያሰምሩ ሐዋላው ድንበሩን አያውቀውም።

የቤተሰብ ገንዘብ ለቀለብና ለትምህርት ቤት ነው። ፖለቲካውን የሚነካው ሌላኛው፣ ቀራን የሚባለው መዋጮ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። አገር ቤት ችግር ሲደርስ የንዑስ ጎሳው ሽማግሌዎች ይመክሩና ጥሪ ያስተላልፋሉ። ለንደን፣ ኮሎምበስ፣ ዱባይ ያለው ኮሚቴ ስም ዝርዝር ይይዛል። የዋትስአፕ ግሩፕ ይከፈታል፤ የከፈለ ሰው ስሙ ይለጠፋል፣ ያልከፈለም በዝምታው ይታወቃል። እንደ ዕድር ነው ቢባል ያስኬዳል፣ ልዩነቱ ዕድርተኛው አምስት አገር ተበትኖ መኖሩ ነው። ገንዘቡ ሆስፒታል ይሠራል፣ መንገድ ያስጠግናል፣ ዩኒቨርሲቲ ይደግፋል። ጉማም ይከፍላል። ጦርነት ሲመጣ ደግሞ ጦርነቱንም ይደግፋል።

መዋጮው በጎሳ የሚሰበሰብ ስለሆነ ውጭ አገር የተወለደ ልጅ እንኳን ከማያውቀው መንደር ጋር ይታሰራል። ከፋይ ደግሞ ያዛል። ለዚህ ነው የፓርቲ መሪዎች ምርጫ ሲደርስ ወደ አውሮፓና አሜሪካ የሚመላለሱት። ብዙዎቹ መሪዎችም ራሳቸው ከውጭ የተመለሱ ናቸው። የሶማሊላንድ የአሁኑ ፕሬዚዳንት አብዲራህማን ሞሐመድ አብዱላሂ፣ በቅጽል ስማቸው ኢሮ፣ ፊንላንድ ኖረዋል። ከ2010 እስከ 2017 ፕሬዚዳንት የነበሩት ሲላንዮ እንግሊዝ ነበሩ። በሞቃዲሾ በኩል የቀድሞው ፕሬዚዳንት ፋርማጆ ከአሜሪካ ቡፋሎ፣ የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሐሰን አሊ ኻይሬ ከኖርዌይ መጥተዋል። አገር ቤት የቀረው ወጣት በዚህ ይማረራል፤ ሥራውንም ወንበሩንም ባለ ሁለት ፓስፖርቱ ወሰደው ብሎ።

ስለ ዳያስፖራው ከሚነሱት ወቀሳዎች የሚከብደው የአደጋው ልዩነት ነው። ቶሮንቶ ሆኖ "አንድ ስንዝር መሬት አንለቅም" የሚል ሰው ቤቱ ላይ መድፍ አይወድቅበትም። ወቀሳው እውነት አለው። ግን እኩሌታው ብቻ ነው እውነቱ። ያው ሰው ከደመወዙ ቆርጦ ለሃያና ሠላሳ ዓመት የእናቱን ኪራይ፣ የአጎቱን ሕክምና ሲከፍል የኖረ ነው። የመናገር መብቱን በገንዘቡ ገዝቼዋለሁ ቢል ማን ይከራከረዋል?

ከማዘጋጃ ቤት እስከ ኮንግረስ

እውቅና ማለት አንድ መንግሥት ሌላውን "አገር ነህ" ብሎ በይፋ መቀበል ነው። ይህን ማድረግ የሚችለው ማዕከላዊ መንግሥት እንጂ የከተማ ምክር ቤት አይደለም። ቢሆንም በ2014 የሼፊልድ ከተማ ምክር ቤት ለሶማሊላንድ ድጋፉን በድምፅ ገለጸ። በዓመቱ ካርዲፍም ተመሳሳይ ውሳኔ አሳለፈ። በሕግ ፊት ዋጋ የለውም። በምርጫ ፊት ግን አለው፤ የአካባቢው ሶማሌ ድምፅ ይሰጣል፣ የምክር ቤት አባሉም ይህን ያውቃል። እንግሊዝ ፓርላማ ውስጥም እንደ ጋቪን ዊሊያምሰን ያሉ ጠንካራ ደጋፊዎች አሉ።

አሜሪካ ላይ መንገዱ ይለያል። እዚያ ሶማሊላንድን የሚደግፉት በብዛት ሪፐብሊካኖች ናቸው። የምክር ቤት አባሉ ስኮት ፔሪ የእውቅና ረቂቅ ሕግ ለኮንግረስ አቅርበዋል፤ ሴናተር ቴድ ክሩዝም በ2025 ለፕሬዚዳንት ትራምፕ ደብዳቤ ጽፈዋል። ምክንያታቸው የሶማሌ መራጭ አይደለም። ቻይና፣ ቀይ ባሕር፣ የበርበራ ወደብ ነው። ሶማሊላንድ በ2020 ከታይዋን ጋር ቢሮ መለዋወጧ እዚያ ሰፈር ወዳጅ አፍርቶላታል።

በተቃራኒው ከሶማሌዎች ሁሉ ታዋቂዋ የአሜሪካ ፖለቲከኛ ኢልሃን ኦማር የአንድነት ወገን ናት። ጃንዋሪ 2024 ሚኒያፖሊስ ውስጥ በሶማሊኛ ንግግር አደረገች። ንግግሯ ከትርጉም ጋር ተለቅቆ በኢንተርኔት ተሰራጨ። ትርጉሙ "ለሶማሊያ ነው የምሠራው" እንዳለች የሚያስመስል ነበር። ሪፐብሊካኖች ትመርመር፣ ትወገዝ አሉ። በኋላ ሌሎች ተርጓሚዎች ሲያዩት የተሰራጨው ትርጉም ትክክል እንዳልነበረ ተናገሩ። ቪዲዮውን ካጋሩትና ከነቀፏት መካከል የያኔዋ የሶማሊላንድ ምክትል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ይገኙበታል። የሀርጌሳና የሞቃዲሾ ጠብ በአንድ ሌሊት የዋሽንግተን ፓርቲዎች ጠብ ሆነ። ከሁሉም የተጎዳው ደግሞ ተራው የሚኒሶታ ሶማሌ ነው፤ "ታማኝነቱ ለማን ነው?" የሚለው ጥያቄ እሱንም አብሮ ይነካዋልና።

ላስ አኖድ ስሌቱን አፈረሰው

እስካሁን የተባለው ሁለት ወገን ያለ ያስመስላል። የለም፣ ከሁለት በላይ ነው።

የእንግሊዙ ድንበር ውስጥ የሚኖረው ሁሉ ኢሳቅ አይደለም። በምዕራብ ቦራማ አካባቢ ገዳቡርሲዎች፣ በምሥራቅ ሱልና ሳናግ ውስጥ ዱልበሃንቴና ዋርሰንጌሊ አሉ። ምሥራቆቹ በጎሳ ከፑንትላንድ፣ ከሶማሊያው ራስ ገዝ ክልል፣ ጋር ይዛመዳሉ። ፑንትላንድ በ1998 ስትመሠረት ሱልና ሳናግ የኔ ናቸው ብላለች። ሀርጌሳ ድንበሩን በቅኝ ግዛት ካርታ ትለካለች፣ የፑንትላንድ ዋና ከተማ ጋሮዌ በዘር ሐረግ።

በ2022 መጨረሻ በሱል ዋና ከተማ ላስ አኖድ ውስጥ አንድ የአካባቢው ፖለቲከኛ መገደሉን ተከትሎ ሰው አደባባይ ወጣ። ፌብሩዋሪ 2023 የዱልበሃንቴ የአገር ሽማግሌዎች ከሶማሊላንድ ጋር አንቀጥልም፣ ከፌዴራል ሶማሊያ ጋር ነን አሉ። ወዲያው ውጊያ ተጀመረ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል የሶማሊላንድ ጦር ከተማዋን ሳይለይ በመድፍ መትቷል፣ ሆስፒታልም ተጎድቷል ብሎ ከሰሰ። ሀርጌሳ ክሱን አልተቀበለችም። ከ150 ሺህ በላይ ሰው ተፈናቀለ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩት ወደ ኢትዮጵያ ዶሎ ዞን ተሻገሩ። ኦገስት 25 የሶማሊላንድ ዋና የጦር ሰፈር ተያዘ፤ ጦሩም ወደ ምዕራብ አፈገፈገ።

ዳያስፖራው በዚህ ጊዜ ያደረገው ያው የለመደውን ነው። የዱልበሃንቴ ተወላጆች ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከኬንያ ገንዘብ አዋጡ። ሐኪሞችና ምሁራን ወደ ከተማዋ ተመለሱ። በሌላ በኩል የሶማሊላንድ ደጋፊዎችም ለጦራቸው አዋጡ። አንድ ዓይነት መዋጮ፣ አንድ ዓይነት ኮሚቴ፣ ምናልባትም አንድ ዓይነት ሐዋላ፤ ግን ተኳሽና ተተኳሽ።

ለሶማሊላንድ ክርክር ላስ አኖድ የመጣበት ጊዜ ክፉ ነው። "በፈቃዳችን ገባን፣ በፈቃዳችን እንወጣለን" የሚለው ሙግት ለዱልበሃንቴም ይሠራል ወይስ አይሠራም? የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት የሕዝብ ነው ከተባለ ይሠራል። የቅኝ ግዛት ድንበር ነው የሚገዛው ከተባለ አይሠራም። የሶማሊላንድ ደጋፊዎች ወደ ሁለተኛው ያጋድላሉ። የ1988ን ቁስል ሲያነሱ ግን የሚናገሩት በመጀመሪያው ነው። አንድነት ባዮቹም ከጥያቄው አያመልጡም። ላስ አኖድ በመድፍ አትያዝም ካሉ ሀርጌሳም በማንም መድፍ አትያዝም ማለት አለባቸው። ታዲያ ሀርጌሳ በፈቃዷ አልመለስም ካለች አንድነቱ በምን ይመጣል?

አዲስ አበባ ከነገሩ ውስጥ

የኢትዮጵያ ስም በዚህ ክርክር ውስጥ ሳይነሳ አያድርም። ሶማሊያና ሶማሊላንድ ዲሴምበር 2023 መጨረሻ ላይ ጅቡቲ ውስጥ ተገናኝተው ንግግር ለመቀጠል ተስማምተው ነበር። ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድና የያኔው ፕሬዚዳንት ሙሴ ቢሂ አዲስ አበባ ላይ የመግባቢያ ሰነድ ፈረሙ። ወደ 20 ኪሎ ሜትር የሚደርስ የባሕር ዳርቻ ለ50 ዓመት በሊዝ፣ በምላሹ እውቅና የሚል ነው ተብሎ ተነገረ። የእውቅናውን ነገር ሁለቱ ወገኖች እኩል አላብራሩትም።

ውጤቱ ሁለት አቅጣጫ ነበር። ለሁለት ተከፍሎ የነበረው የደቡብ ዳያስፖራ ባንድ ቀን ከሞቃዲሾ ጎን ቆመ። ሶማሊላንድ ውስጥ ደግሞ የመከላከያ ሚኒስትሩ፣ የምዕራቡ የአውዳል ሰው፣ ሰነዱን ተቃውመው ሥልጣን ለቀቁ። ዲሴምበር 2024 አንካራ ላይ ቱርክ አዲስ አበባንና ሞቃዲሾን ስታስማማ ጉዳዩ በረደ። የጃንዋሪው የመግባቢያ ሰነድም ሥራ ላይ አልዋለም።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነጥብ አለ። የሶማሊያ ባንዲራ ላይ ያለው ኮከብ አምስት ጫፍ አለው፤ አንዱ ጫፍ ኦጋዴን ነው። የታላቋ ሶማሊያ ሕልም የሚባለው ይህ ነው፤ በ1977 ጦርነት ያመጣብን እሱ ነው። ሶማሊላንድ የቅኝ ግዛት ድንበሬን አክብሩልኝ ስትል ሳትወድ በግድ ያንን ሕልም ትተዋለች። በእንግሊዝ ካርታ አገር የጠየቀ ሰው ካርታው ጂጂጋን ለኢትዮጵያ መስጠቱንም አብሮ ይቀበላል። ለዚህ ነው ሀርጌሳ ለአዲስ አበባ የማትከብዳት። የምትከብደው በሌላ በኩል ነው። አንቀጽ 39ን ሕገ መንግሥቱ ላይ የጻፈ አገር ጎረቤቱ ለሁለት ሲከፈል አጨብጭቦ ራሱ ላይ ምን እንደሚጠራ ማሰቡ አይቀርም።

የእስራኤል ነገር ያመጣው

የሶማሊላንድ ደጋፊ ዳያስፖራ ሠላሳ ዓመት የጠበቀው ዜና ሲመጣ ከማይጠበቅ በር መጣ። ጋዛ ከፈረሰች በኋላ፣ ሙስሊም የሆነ ማኅበረሰብ መጀመሪያ ያወቀችውን አገር ስም ለልጁ ሲነግር መሸማቀቁ የሚገርም አይደለም። ከዚያ በፊትም በ2025 የጋዛን ሕዝብ ወደ ሶማሊላንድ የማዛወር ሐሳብ አለ የሚል ዘገባ ወጥቶ ነበር፤ ሀርጌሳ አስተባብላለች። በደጋፊው ወገን ሁለት ድምፅ ይሰማል። አንዱ "እየሰመጠ ያለ ሰው ገመዱን ማን እንደወረወረለት አይጠይቅም" ዓይነት ነው። ሌላው እውቅናው ከዓረብና ከሙስሊም አገሮች ጋር ያለውን በር ይዘጋል ይላል። ለንደን ውስጥ አባትና ልጅ በዚህ ሊለያዩ ይችላሉ፤ አባትየው 1988ን ያስባል፣ ልጁ ለፍልስጤም ሰልፍ የወጣ ነው።

አንድነት ባዩ ወገን ደግሞ ቀላል መፈክር አገኘ። ከዚህ በኋላ ስለ 1961ዱ ወረቀት ሳይከራከር "የጽዮናዊያን ፕሮጀክት" ማለት ይበቃዋል። ለፕሮፓጋንዳ ይመቻል። ለክርክሩ ግን ኪሳራ ነው፤ 1988 ላይ ለተነሳው ጥያቄ መልስ አይሆንምና። ከሞቃዲሾ ገዢዎች መካከል ያንን ጥያቄ ሰሜኑን በሚያሳምን መንገድ የመለሰ እስካሁን የለም።

አንድ እውቅና አገር አያደርግም። ኤርትራ በ1993 የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን፣ ደቡብ ሱዳን በ2011 የአፍሪካ ኅብረትን በር ያለፉት የቀድሞው መንግሥት ስለፈቀደ ነው። ሶማሊላንድ የሌላት ያ ፈቃድ ነው። የአፍሪካ ኅብረት በ2005 የላከው አጣሪ ቡድን ጉዳዩ የተለየ ስለሆነ ለሌሎች መገንጠሎች በር ይከፍታል ተብሎ መፈራት የለበትም የሚል አስተያየት አቅርቦ ነበር። ኅብረቱ ግን ሪፖርቱን አልገፋበትም። ስለዚህ በቅርብ የሚታየው ለውጥ በአፍሪካ ኅብረት በኩል ሳይሆን በበርበራ ወደብና በቀይ ባሕር ላይ ዓይናቸውን በጣሉ መንግሥታት በኩል ነው። እነሱ ደግሞ ስለ 1960 ደንታ የላቸውም።

ሶማሌዎቹን በቅርቡ የሚነካው ምሥራቁ ነው። ሞቃዲሾ በ2025 ላስ አኖድን ዋና ከተማው ያደረገ አዲስ የፌዴራል ክልል፣ የሰሜን ምሥራቅ ግዛት በሚል ስም አቋቁማለች። ይህ ክልል የሚቆመው ሀርጌሳ የኔ ነው በምትለው ድንበር ውስጥ ነው። በጀቱ ስስ ነው። ትምህርት ቤቱን፣ ክሊኒኩን፣ የውሃ ጉድጓዱን የሚያሠራው በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣው መዋጮ ይሆናል። ፑንትላንድም በፊናዋ አዲሱን ክልል በጥርጣሬ ነው የምታየው፤ ከ2024 ጀምሮ ከሞቃዲሾ ጋር በሕገ መንግሥት ለውጥ ተኳርፋለች። ሦስት አስተዳደሮች ሱልንና ሳናግን ይፈልጓቸዋል። የሦስቱም መዋጮ ሰብሳቢዎች ሚኒያፖሊስ፣ ለንደንና ዱባይ ውስጥ በየራሳቸው ግሩፕ ጥሪ እያደረጉ ነው።